የመመለሻው ስንቅ

ማናለሽ ሰው ወደ መንገድ ስትሸኝ ሁለት ቋጠሮ ነው የምታስይዘው፤ አንዱ የመሄጃ፣ አንዱ የመመለሻ። ወጉን የወረሰችው ከእናቷ ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ነው። እሳቸው ከደብረ ወርቅ ተነሥቶ ቢቸና ገበያ ደርሶ ለሚመለስ ሰው እንኳ ሁለት ቋጠሮ በሶ ካላስያዙ ከደጃፋቸው አይለቁትም ነበር። የመሄጃውን መንገደኛው ሲርበው ይፈታዋል። የመመለሻው ግን ፊትን ወደ ቤት ሳያዞሩ አይፈታም፤ ሆድ ቢጮህም አይፈታም፣ ጓደኛ ቢለምንም አይፈታም። "የመመለሻውን በመሄጃው የበላ፣ መመለሻውን በላ" ይሉ ነበር ሴትዮዋ፣ ቋጠሮውን በሁለት ጣታቸው ጠበቅ እያደረጉ።

ማናለሽ ልጅ ሳለች የአሮጊት ነገር እያለች ትስቅበት ነበር። ሣቋ የቆመው በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዓመት ባሏ ገብረ ኪዳን ለሚሊሻ ተመለመለ። ቤት ውስጥ የቀረው የገብስ ዱቄት ከሁለት ጣሳ አይበልጥም፤ መልማዮቹም ስንቅ አያስፈልግም፣ መንግሥት ያበላዋል አሏት። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አላት። አንድ ቋጠሮ ብቻ ቋጠረች። እሱንም ገብረ ኪዳን መኪናው ሳይነሣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሻማው፣ በሶ በአፉ ሞልቶ ሲስቅና እጁን ሲያውለበልብ አየችው። ከታጠቅ ጦር ሰፈር አንድ ሰላምታ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሞተም፣ ተማረከም፣ አለም የሚል ወሬ አልደረሳትም። ለቅሶ እንዳትቀመጥ መርዶ አልመጣ፤ እንዳትጠብቅ ዓመቱ ነጎደ።

ከዚያ ወዲህ ማናለሽ ቋጠሮ ስታ አታውቅም።

የኔ የምትለው ሰው የቀራት ታናሽ ወንድሟ ታዘበው ብቻ ነበር። እናታቸው ሲያርፉ ገና ስምንት ዓመቱ ነበርና እንደ ልጇ አሳደገችው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት አስገባችው፤ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ደበሎውን በትከሻው ጥሎ መጣላት። የኔታ ኋላ ሲነግሯት፣ ልጁ ትምህርቱ አልከበደውም፤ ነገር ግን ከጉባኤ በተነሡ ቁጥር ከአኩፋዳው ውስጥ የጨርቅ ኳስ እያወጣ ተማሪውን ሁሉ አባከነባቸው። ማናለሽ ለመቆጣት አስባ ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ እንዲያ ሲስቅ ቁጣው አልመጣላት አለ።

እሷ ራሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀቷን እንደ ክታብ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የያዘችው። ቢቸና ዳር አንዲት ትንሽ የመምህራን ማሠልጠኛ ስትከፈት በጽዳት ተቀጠረች፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሰጧት። ሰዉ ማሠልጠኛዋን ኮሌጅ ይላታል። ኮሌጅ ትባል እንጂ፣ አራት የቆርቆሮ ክፍልና አንድ አዳራሽ፣ ከበስተኋላም ድንጋዩ ተለቅሞ የማያልቅ የኳስ ሜዳ ናት። ታዘበውም አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ እዚያው ሠልጣኝ ሆነ፤ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ በግራ እግሩ የሚጫወት፣ ረዥም ሣቂታ ልጅ። የወንዶቹ ቡድን ጎል ካገባ ወይ ታዘበው አግብቶታል፣ ወይ ታዘበው አቀብሎታል።

የሴቶቹ ቡድን የተወለደው በደብዳቤ ነው። ሴቶችም በስፖርት ይሳተፉ የሚል መመሪያ ከላይ ሲወርድ ዳይሬክተሩ አቶ ገብረ ሕይወት ሁለት ጊዜ አንብበው፣ በግቢው ውስጥ ሴት ሠራተኛ ማን አለ ብለው ጠየቁ። ያለችው ማናለሽ ነበረች። በዚህ ዓይነት፣ የኳስን ክብነት እንጂ ሌላ ነገሩን የማታውቀው ሴት የሴቶች ቡድን መሪ ተባለች። ልጆቹ መጀመሪያ ከጉርድ ቀሚስ በታች ሱሪ አጥልቀው ነበር የሚጫወቱት። ኳስ ሰው ከመታ ጨዋታው ይቆማል፤ መቺዋ ሮጣ ሄዳ ይቅርታ እኅቴ፣ አመመሽ ወይ ትላለች። አንዳንድ እናት አጥሩ ሥር መጥታ የልጄን እግር አየሁ ብላ አልቅሳ ትሄዳለች። ማናለሽ የወንዶቹን አሮጌ ማሊያ እያጠበበች ስትሰፋላቸው ከረመች።

በሁለተኛው ዓመት ሰብለ ወንጌል መጣች፤ የመሪጌታ ልጅ፣ አጭርና ዝምተኛ። ከእሷ እግር ኳስ ሲወጣ ድምፁ ሌላ ነው። አንድ ቀን ታዘበው ከጎሉ አግዳሚ እንጨት ላይ ጠጠር አስቀምጦ፣ ይህን ከመታሽ ማሊያዬን አጥብልሻለሁ አላት። በሁለተኛው ምት ጠጠሩ የለም። ታዘበው ሳሙና ለመበደር ግምጃ ቤት ሲመጣ፣ "ከእኔ ቀጥሎ እሷ ናት እትዬ" አላት። ሰብለ ወንጌልም ከኋላው ቆማ ነበርና፣ "ከእኔ ቀጥሎ አንተ ነህ" አለችው። ማናለሽ እስኪያማት ሳቀች።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሲጋመስ ግን ሣቅ ቀነሰ። ከአፋቤት በኩል የሚመጣውን ወሬ ሰዉ በሹክሹክታ እንኳ ሙሉውን አይናገረውም፤ ግማሹን ተናግሮ ቀሪውን በአንገቱ ነው የሚነግርህ። ጎረምሳ ገበያ መውጣት ተወ። እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን ከብት ጠብቅ እያሉ ወደ ዓባይ ቆላ መስደድ ጀመሩ፤ ከብት የሌላቸው እናቶች ጭምር። ማሠልጠኛዋ ውስጥ ግን ሠልጣኝ አይነካም የሚል እምነት ነበረ። ማን እንደ ተናገረው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያምነዋል።

ግንቦት በገባ በሳምንቱ፣ የወንዶቹም የሴቶቹም ቡድን ሞጣ ሄዶ የወዳጅነት ጨዋታ እንዲያደርግ ደብዳቤ መጣ። ግቢው በደስታ ተናጠ። ማናለሽም ደስ አላት።

ሐሙስ ዕለት የስንቅ ማዘዣው ግምጃ ቤት ደረሳት። የእሷ የሁለት ቋጠሮ ወግ በቤቱ ስለ ተለመደ፣ ማዘዣ ሲጻፍ ሁልጊዜ የመሄጃና የመመለሻ ተብሎ በሁለት መስመር ነው የሚጻፈው። ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። የመሄጃ ስንቅ ለሠላሳ ስድስት። የመመለሻ ስንቅ ለአሥራ ስምንት።

የጸሐፊው ስሕተት መሰላትና ወረቀቱን ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። አቶ ገብረ ሕይወት ደግ ፈሪ የሚባሉ ዓይነት ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

"ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ስሕተት አለ" አለቻቸው። "የሚሄደው ሠላሳ ስድስት ሆኖ የሚመለሰው አሥራ ስምንት ነው ይላል።"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። "የሴቶቹ ነው" አሉ።

"የወንዶቹስ?"

"ወንዶቹን ሞጣ ያበላቸዋል።"

ማናለሽ ቃሉን አወቀችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ቃል፣ መንግሥት የሚለው በሞጣ ተለውጦ፣ ያው ራሱ ነው። አቶ ገብረ ሕይወት መነጽራቸውን መጥረጋቸውን አላቆሙም፤ ቀና ብለውም አላዩዋትም።

"እንደ ተጻፈው አድርጊ፣ ወይዘሮ ማናለሽ" አሉ። ከበሩ ስትደርስ ደግሞ ቀስ ብለው፣ "ደኅና አድርገሽ አንብቢው" አሏት።

ለታዘበው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነገረችው። አትሂድ፣ ወገቤን አመመኝ በል፣ እኔ ስንቅ ቋጥሬልህ ወደ ዓባይ ቆላ ትወርዳለህ አለችው። እሱ ግን ከበሶ ትንቢት ማውጣት ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ቀለደባት። ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወ። የሂያጆቹ ስም ዝርዝር አስቀድሞ ሞጣ እንደ ተላከ፣ የቀረም ሰው በመጀመሪያ እንደሚፈለግ፣ እሱ ባይገኝ እሷን እንደሚይዟት ነገራት። ደግሞስ እኔ ብቀር አሥራ ሰባቱስ አላት። ለነገሩ ማስረጃዋ በወረቀት ላይ የጎደለ በሶ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ብትናገርስ ማን ያምናታል?

ማድረግ የምታውቀውን አደረገች። ከራሷ ጎታ ገብስ ቀድታ ዓርብንና ቅዳሜን ስትቆላና ስታስፈጭ ዋለች። የአልጋዋን አቡጀዴ አንሶላ ቀድዳ አሥራ ስምንት ቁራጭ አወጣች። ለወንዶቹ አሥራ ስምንት የመመለሻ ቋጠሮ ቋጠረች፤ የእናቷን አቋጣጠር፣ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ መሸጎጥ ነው።

እሑድ ጠዋት በማሠልጠኛው የጭነት መኪና ተሳፍረው ወጡ፤ ሴቶቹ በአንድ ጎን፣ ወንዶቹ በአንድ ጎን። ደብረ ወርቅ ላይ ማርያምን ተሳልመው እንዳለፉ ማናለሽ ቋጠሮዎቹን ለወንዶቹ ማደል ጀመረች። ለእያንዳንዳቸው፣ ፊትህን ወደ ቢቸና ሳታዞር እንዳትፈታ እያለች ነው የምትሰጠው። በረኛው ውበቴ መብላት የማይሰለቸው ልጅ ነበርና፣ "እትዬ፣ እንግዲህ እዚሁ መኪናው ላይ ፊቴን ወደ ቢቸና አዙሬ ብቀመጥስ?" አላት። መኪናው በሣቅ ተንቀጠቀጠ። ከታዘበው ዘንድ ስትደርስ እጁን አጣምሮ አልቀበልም አላት። "የእኔን አንቺ ያዥልኝ። ስንመለስ ከእጅሽ እበላዋለሁ።"

ቋጠሮውን መልሳ ከኳሶቹ ጆንያ ውስጥ ከተተችው።

የሞጣው ሜዳ በአንድ ወገኑ መንገድና የግንብ አጥር አለው። በሌላው ወገን የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ ወንዝ የሚወርድ ገደላ ገደል፣ ከወንዙ ማዶ የገበሬ ማሳ ነው። ቡድኑ የተቀመጠው በባሕር ዛፉ በኩል፣ ከመስመሩ ዳር ነበር። ከግንቡ ጀርባ ሁለት ሸራ የለበሱ መኪናዎች ቆመዋል። ካኪ የለበሰ አንድ ሰው በወንበር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ከአጠገቡ ወታደሮች ጥላ ሥር ጋደም ብለዋል፤ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም።

ከመኪናዎቹ የአንዱ ሹፌር ውኃ ሊለምን መጣ። ቀለሙ እባላለሁ፣ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነኝ አለ። ጣሳውን ተቀብሎ ሲጠጣ ዓይኑን ከልጆቹ ላይ አላነሣም።

"የሴቶቹ መሪ አንቺ ነሽ?" አላት። "የሴቶቹ ጨዋታ እንዳለቀ ልጃገረዶቹን ሰብስበሽ ወደ መኪናችሁ ግቢ። የወንዶቹን ለማየት አትቆሚ።"

ለምን ብላ ጠየቀችው። ጣሳውን አለቅልቆ መለሰላትና፣ "እኔም ወንድም አለኝ" ብሎ ሄደ።

አሁን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነላት። ለሴቶች ጨዋታ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የሞጣ ጎረምሳ ከየተደበቀበት የሚወጣው የወንዶቹን ለማየት ነው። ባለ ካኪው የሚጠብቀው ያንን ነው። ያን ጊዜ ሜዳው ይከበባል፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም በአንድ ላይ ይታፈሳል። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ሴቶቹ እስከ ተጫወቱ ድረስ፣ ምንም አይሆንም።

ጨዋታው እንዳያልቅ ብላ ጸለየች። ዳኛው ግን ሰዓት አስሯል።

በመጀመሪያው አጋማሽ የሞጣዋ ተከላካይ ኳሷን ስትጠልዛት ከባሕር ዛፉ በላይ አልፋ ገደል ገባች። ከተቀመጡት የቢቸና ወንዶች ሁለቱ ተነሥተው ሊያመጧት ወረዱ፤ ቆዩ፤ ላብ በላብ ሆነው ይዘዋት ተመለሱ። ማናለሽ ባለ ካኪውን አየችው። ሻዩን እያማሰለ ነበር። ወታደሮቹም ቀና አላሉም። ኳስ ሊያመጣ የሄደን ሰው ማንም አያየውም።

ዕረፍት ላይ ሰብለ ወንጌልን ወደ ጎን ወሰደቻትና ያየችውንም የሰማችውንም ሁሉ ነገረቻት። ከአሁን በኋላ ያገኘሻትን ኳስ ሁሉ ወደ ገደሉ ስደጂልኝ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይወርዳሉ፣ አንዱ ይዟት ይመለሳል፣ አንዱ በዚያው ወንዙን ይሻገራል አለቻት።

ሰብለ ወንጌል የጫማዋን ክር አጠበቀች። "ሰዉ ሁሉ ይስቅብኛል" አለች።

"ይሳቅብሽ።"

"ስንት ጊዜ ልምታ?"

"አሥራ ሰባት ጊዜ። አሥራ ስምንተኛው ይዟት የሚመለሰው ነው፤ እሱንም እግዜር ያውቅለታል።"

ይህን ስትል ተመላሹ ማን እንደሚሆን አላሰበችም ነበር። ታዘበው ከሁሉ አስቀድሞ እንዲወጣ ነው ያቀደችው። ለወንዶቹ ነገሩን በጆሮ በጆሮ ስታዳርስ፣ ለእሱ ግን አንተ መጀመሪያ፣ ውበቴ ይዟት ይመለስ ብላ ለየችው። እሺ አላት።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ሰብለ ወንጌል ኳሷን አገኘች፤ ወደ ጎል እየሄደች ሳለ ዞር ብላ መታቻት። ኳሷ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ ተንሳፍፋ ጠፋች። ሜዳው በሣቅ ፈነዳ። ታዘበውና ውበቴ ተነሥተው ወረዱ። ማናለሽ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ገደሉን ወጥቶ፣ ኳስ በብብቱ ይዞ፣ እያለከለከ የቆመው ታዘበው ነው።

አጠገቧ ሲቀመጥ ክንዱን በጥፍሯ ያዘችው። ምነው ምን ነካህ አለችው። እሱም ወደ ሜዳው እያየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነገራት።

"ውበቴ ወንዙን ሲያይ መመለስ አልቻለም። ኳሷ ካልተመለሰች ደግሞ ጨዋታው ያልቃል፣ እትዬ።"

ሁለተኛው ልጅ ሲወርድም፣ ሦስተኛው ሲወርድም እንዲሁ ሆነ፤ የወረደ ሰው የወንዙን ማዶ ካየ እግሩ አይመለስለትም። ይዟት የሚመለሰው ሁልጊዜ ታዘበው ነው። ሰብለ ወንጌል ትመታለች፣ ሁለት ይወርዳሉ፣ አንድ ይመለሳል። የሞጣ ሰው ሆዱን እየያዘ ይስቃል። አንዱ፣ "የመሪጌታ ልጅ፣ ኳሷን ጠበል ልታስጠምቂያት ነው?" ይላታል። ሌላው ጎሉ ወዲህ ነው፣ ያ ቆላ ነው እያለ ይጮኻል። ልጅቱ ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ እንባዋ በላቧ ላይ ይወርዳል፤ ግን ኳሷ አንድም ጊዜ ከባሕር ዛፉ ወዲህ አልወደቀችም፤ ማድረግ የምትችለውን ሰው ሊያውቅላት በማይችልበት ቀን እንዲያ አድርጎ የመታ እግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማናለሽ አላየችም።

ዳኛው ተናደደና ሁለተኛ ኳስ አምጡ አለ። ማናለሽ ውስጠኛ ጎማው፣ ከመነዳሪው፣ ፈንድቷል አለችው። ውሸት አልነበረም፤ ወስፌዋን ከኳሱ ውስጥ ስትነቅል ያያት ሰው የለም እንጂ። የባከነውን ሰዓት ሁሉ እጨምራለሁ ብሎ እየዛተ ሄደ። ይጨምር።

ሰማዩ ከደብረ ወርቅ በኩል ጠቁሮ መጣ። መንገዱ ዳር የሞጣ ጎረምሶች አንድ ሁለት እያሉ መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ባለ ካኪው ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን ከወንበሩ ሥር አስቀመጠ። ማናለሽ ቆጠረች። አሥራ አንድ ወጥተዋል። ሰባት ቀርተዋል፤ ታዘበው ሰባተኛው።

"በቃ" አለችው። "የሚቀጥለው ያንተ ነው። ሌላ ሰው ይዟት ይመለስ፤ ባይመለስም አይመለስ። በእናታችን አጥንት።"

በእናታቸው አጥንት አስምላው አታውቅም። ታዘበው እሺ አለ። የእውነት እሺ ነበር፤ የጫማውን ክር ሲያስር አየችው። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወደ ትከሻዋ አደረገች፤ ለሰብለ ወንጌል ምልክቱ ያ ነበር። ኳሷ ከሰብለ ወንጌል እግር ወጣች፤ ያን ቀን ከመታቻቸው ሁሉ ረዥሟ እሷ ነበረች፤ ወደ ገደሉም እጅግ ርቃ ወደቀች።

ታዘበው ተነሣ።

"አንተ ቁጭ በል" አለ አንድ ድምፅ። ባለ ካኪው መቼ ሜዳውን አቋርጦ እንደ መጣ ማንም አላየውም፤ ከባሕር ዛፉ ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የሚናገረው። "ብዙ ሮጠሃል። አሁን የእኔ ሰዎች ያመጧታል።"

ሁለት ወታደሮች ወረዱ። ሲመለሱ አንደኛው ኳሷን፣ ሁለተኛው አንድ የተጣለ የቢቸና ማሊያ ይዟል። ባለ ካኪው ማሊያውን ተቀብሎ ዘረጋና ቁጥሩን አነበበ፤ ከዚያ በመስመሩ ዳር የተቀመጡትን ሰባቱን በዓይኑ ቆጠረ። ፊሽካውን ከዳኛው አንገት ላይ ራሱ ወስዶ ነፋው።

የሞጣ ጎረምሶች በአብዛኛው ገና መንገድ ዳር ነበሩና ፊሽካውን ሲሰሙ እንደ ድርጭት ተበተኑ። ሰባቱ ግን የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ወደ መኪናው ሲነዷቸው ማናለሽ ጆንያውን አንግታ ከኋላ ሮጠች። ወታደሩ ሊያግዳት ሲል ቀለሙ ከጋቢናው ወርዶ፣ ተዋት፣ ስንቅ ነው አለው። ታዘበው በሸራው መሃል እጁን አወጣ። ቋጠሮውን ሰጠችው።

"እንዳትፈታው" አለችው። "ፊትህን ወደ ቢቸና ሳታዞር እንዳትፈታው።"

"እሺ እትዬ" አለ። ሊስቅላት ሞከረ፤ ሆኖም መኪናው ተነሣ።

ወደ ቢቸና ሲመለሱ ልጃገረዶቹ በሄዱበት ጎናቸው ተጠጋግተው ተቀመጡ። የወንዶቹ ጎን ባዶ ነበር፤ መኪናው በየጉድጓዱ ሲያንገጫግጫቸው እንኳ ወደዚያ የተንሸራተተች ልጅ የለችም። የመመለሻ ስንቃቸውን የፈታም አልነበረም። አቶ ገብረ ሕይወት በሩ ላይ ቆመው ነበር። ማናለሽ ስትወርድ ክንዷን ያዙ። ስንቱ ወጣ ብለው ጠየቋት። አሥራ አንድ አለቻቸው።

"የመመለሻውን ለምን ለአሥራ ስምንት ብቻ የጻፍኩት ይመስልሻል?" አሏት። "አፌ አልደፈረም። ወረቀት ታነቢያለሽ ብዬ ነው።"

እውነታቸውን ይሁን፣ ኋላ የመጣላቸው ማምለጫ ይሁን፣ ማናለሽ እስከ ዛሬ አታውቅም። አንዳንድ ቀን ታምናቸዋለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ ደግ ፈሪ ፊታቸው ሲታወሳት እጇ ይጨበጣል።

የመንግሥት ሰዎች እሷንም ሦስት ቀን ጠየቋት። ኳሱ ለምን ሁልጊዜ ገደል ገባ አሏት። ሴቶች ናቸው ጌቶቼ፣ መምታት የት ያውቃሉ አለቻቸው። ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ሳቁ፤ ይህን ለማመን ምስክር አላስፈለጋቸውም። በወሩ የሴቶቹ ቡድን በችሎታ ማነስ ምክንያት ፈርሷል የሚል ደብዳቤ መጣ። ሰብለ ወንጌል ተመርቃ ሄዳ መምህርት ሆነች፤ ሞጣ ላይ እስከ ዛሬ፣ ኳስ ያበላሸ ልጅ የመሪጌታ ልጅ እየተባለ ይቀለድበታል ይባላል።

ወንዙን የተሻገሩት በየዘመድ ቤት ተደብቀው ከረሙ። ቀን እየመረጡ፣ በየገበያው ሰው እየላኩ፣ የቋጠሮውን ጨርቅ መለሱላት። የመጀመሪያው የውበቴ ነበር፤ ንጹሕ አድርጎ አጥቦ ነው የላከው። እስከ ነሐሴ ድረስ አሥራ አንዱም ጨርቅ ገባ። እሷም እያንዳንዱን አጣጥፋ ከመደርደሪያው ላይ፣ ለሌሎቹ ሰባት ቦታ ትታ አስቀመጠች።

ከታዘበው ወሬ የመጣው በዓመቱ፣ የካቲት ላይ ነው። አንድ የአምበር ሰው፣ በምርኩዝ የሚሄድ ወጣት፣ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የታዘበው እኅት አንቺ ነሽ ወይ አላት። አብረው ከአንድ ጦር ውስጥ እንደ ነበሩ፣ እሱ ቆስሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ታዘበው እንዳሰናበተው ነገራት። ታዘበውም በዚያ ሰሞን፣ እኔም በእግሬ እከተልሃለሁ፣ እስክመጣ ይህን ለእኅቴ አድርስልኝ ብሎ ሰጥቶኛል አላት። ከኮቱ ኪስ አወጣና ሰጣት። አቡጀዴው በአፈር በልዟል፤ ግን ተቋጥሯል።

ማናለሽ ሰውየውን አስገብታ አስቀመጠችው። ውኃ ሰጥታ፣ ምሳ አብልታ፣ ሁለት ቋጠሮ ቋጥራ ሸኘችው። ከዚያ በሩን ዘግታ ቋጠሮውን ከመስኮቱ ብርሃን ሥር አስቀመጠችው።

የእሷ አቋጣጠር አልነበረም። የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነው፤ ግራኝ ሰው የቋጠረው ነው። ፈታችው። በሶው ከሰጠችው ላይ ጎድሏል፤ ብዙ አይደለም፣ አንድ ጭብጥ የሚያህል። የቀረው ደርቆ ሻግቷል።

ታዘበው ቃሉን አይበላም። ፊቱን ወደ ቢቸና ሳያዞር አይፈታውም ነበር። እንግዲያው አንድ ቀን፣ የትም ይሁን የት፣ ፊቱን አዙሯል፤ መንገድ ጀምሯል፤ አንድ ጭብጥ በልቶም ተነሥቷል።

ቋጠሮውን መልሳ ወደ ግራ ቋጠረችው። እጇ ስላልለመደው ሦስት ጊዜ አበላሸችው። ከዚያም ከጨርቆቹ አጠገብ ሳይሆን ከበሩ ጎን፣ በሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የጎደለውን አንድ ጭብጥ በየዓመቱ በግንቦት የዓምናውን እያወጣች በአዲስ በሶ ትሞላዋለች። ከደብረ ወርቅ የሚመጣው መንገድ ከመስኮቷ ይታያል፤ በዚያ መንገድ በእግሩ የሚመጣ ረዥም ሰው ባየች ቁጥርም ቆማ ትጠብቃለች፣ መታጠፊያው ላይ ደርሶ ፊቱ እስኪለይ ድረስ።